ላቬል ግሪሰም ያነከሰበት ፈተና

ዶክተር ካፕላን ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ዝም አሉ።

ላቬል ግሪሰም ዝምታን ያውቃል። አሥራ ሁለት ዓመት የኖረው በአሜሪካ ፉትቦል ሜዳ፣ ኳስ ከመነሳቱ በፊት ባለችው አጭር ዝምታ ውስጥ ነው፤ ጎንበስ ብሎ፣ መዳፉን ኳሱ ላይ አሳርፎ፣ ከአፍንጫው ሥር ያለው ባላጋራ ሲያለከልክ እየሰማ። በመስመሩ መሀል የሚቆመው እሱ ነው። ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ አሳልፎ ለወርዋሪው ይሰጣል፤ ወዲያው ቀና ብሎ የመጣበትን ሰው በደረቱ ይቀበላል። ሥራው ይኸው ነው። ያንን ዝምታ የሚሰብረው ራሱ ስለሆነ ፈርቶት አያውቅም። የዛሬውን ግን የሚሰብሩት ሴትዮዋ ናቸው።

"ይሄ የመጀመሪያ ዓመትዎ ነው" አሉ ዶክተሯ፣ ሽበታቸውን ከግንባራቸው ላይ መለስ እያደረጉ። "ይሄ ደግሞ ያለፈው ሐምሌ። መውረዱን ያዩታል አይደል?"

"አያለሁ ዶክተር።"

"ሰው ማስፈራራት አልወድም፤ ማባበልም አልወድም። በሠላሳ አራት ዓመት ሰው ላይ እንዲህ ያለ መውረድ ሳይ ደስ አይለኝም። የሚረሱት ነገር አለ?"

ላቬል ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዟዟረ። "የማይረሳ ማን አለ?"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩት።"

"እንግዲህ... አልፎ አልፎ።"

ዶክተሯ ጻፉ። ሲጽፉ እስክሪብቷቸው ብዙ ቆየች። ከዚያ የዛሬ ሁለት ሳምንት እንዲመለስ፣ ምርመራው ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ፣ እስከዚያ ድረስ ለማንም ምንም እንደማይጽፉ ነገሩት። ላቬል አመስግኖ ወጣና ሜምፊስ ከተማ ውስጥ፣ የሕክምና ቤቱ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ፒካፑን ሳያስነሳ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ።

የመጣው ለጉልበቱ መስሎት ነበር። ሰሜን ያለ አንድ ቡድን መሀል ላይ የሚቆምለት ሰው ተጎድቶበት ላቬልን ለአንድ ዓመት ፈልጎታል፤ ከመፈራረሙ በፊት መዝገቡን ለእኚህ ዶክተር ላከላቸው። ላቬል ስለ ጉልበቱ የሚዋሸውን ውሸት መንገድ ላይ ሲያሰናዳ ነበር የመጣው። ስለ ጭንቅላቱ ምንም አላሰናዳም። እዚያ ላይ የሚዋሸውን ከጨረሰ ቆይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የቡድኑ የልምምድ ካምፕ ሲከፈት እያንዳንዱ ተጫዋች ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል። ቃላት ይታዩታል፤ ይጠፋሉ፤ የትኞቹ እንደነበሩ ይጠየቃል። ቅርጾች ይመጣሉ፣ ቀለሞች ይመጣሉ፣ ቶሎ ብሎ መጫን አለበት። ውጤቱ ይቀመጥለታል። በውድድሩ መሀል ጭንቅላቱን የተመታ እንደሆነ እንደገና ያስቀምጡታል። ከሐምሌው ከወረደ አይጫወትም። እኩል ከሆነ ሄልሜቱን ይሰጡታል። አንድ ሳምንት ከመስመሩ የጠፋ ሰው ደግሞ ሲመለስ ቦታው ላይ ሌላ ቆሞ ያገኛል፤ ይሄን ማንም ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ስለዚህ ነባሮቹ ለአዲሶቹ የሚያስተምሩት አንድ ነገር አለ፦ ሐምሌ ላይ ሆን ብለህ ዝቅ በል፣ ተመትተህ የዞረብህ ቀን ያንኑ ታመጣለህ። በመልበሻ ክፍል ውስጥ ስሙ ማነከስ ነው። እግሩ ደህና የሆነ ሰው እንደሚያነክሰው ማለት ነው።

ላቬል የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይሄን አያውቅም ነበር። እናቱ እንዳሳደገችው ጀርባውን ቀጥ አድርጎ ተቀምጦ በሙሉ ልቡ መለሰ። ሁለተኛው ዓመት ላይ በግራው ይቆም የነበረው ሆሊስ ቡከር አስተማረው፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ሐምሌ አነከሰ። ስለዚህ የመጀመሪያው ወረቀት እውነት ነው፣ ሌሎቹ ውሸት ናቸው። ይሄ ሊያጽናናው በተገባ ነበር።

አላጽናናውም። ምክንያቱም ካለፈው ገና ጀምሮ ጥሩ አልነበረም። የእህል መደብሩ በር ላይ ፒካፑን በሩ እንደተከፈተ፣ ሞተሩ እንደተነሳ ትቶት ገባ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባለመደብሩ ነው "ይሄ መኪና ሊሄድ ነው ወይስ ሊገዛ ነው የመጣው?" ብሎ የጠየቀው። ልጁን በእህቱ ስም ጠራት። ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ መዝሙረ ዳዊት እያነበበ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ የሚያውቀውን ምዕራፍ፣ መሀል ላይ ቀጥ አለ። ቀጣዩ መስመር ፊቱ ተጽፏል፤ ግን ዓይኑ ቃሉን ከወረቀቱ ላይ ማንሳት አቃተው። አሮጊቶቹ እንደ ልማዳቸው "ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ በል፣ ጌታ ይርዳህ" አሉት። ቀስ አለ። ጨረሰም። ሚስቱ ሮሼል ግን ከመዘምራኑ መካከል ሆና ስታየው አየ፤ ቤት ሲገቡም ምንም አላለችውም።

አሁን ሁለቱ ተደባልቀውበታል። ከዚያ ሁሉ መውረድ ውስጥ ስንቱ የዋሸው ነው? ስንቱስ በእውነት የሄደ ነው? መንገዱን ሁሉ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ግራና ቀኝ የጥጥ እርሻ እያለፈ ይሄን ለመለየት ሞከረ። አልቻለም። ሰው ራሱን ማታለሉን ያውቃል፤ በምን ያህል እንዳታለለ ግን የሚመዘግብለት የለም።

ቤተል ግሮቭ ሲደርስ ወደ ቤቱ አልገባም። ወደ ቡከር ኩሬዎች ታጠፈ።

ሆሊስ ቡከር ጡረታ ከወጣ አምስት ዓመቱ ነው። ሚሲሲፒ ተመልሶ አምባዛ ዓሣ ያረባል። ሁለቱም ጉልበቶቹ ብረት ናቸው፤ የሚራመደው ጭነት እንደያዘ ሰው እየተወላገደ ነው። ላቬል ሲደርስ ከጭነት መኪናው ላይ ቆሞ በአካፋ መኖ ይበትናል፤ ውሃው ሥር ዓሣዎቹ እየተጋፉ ይፈላሉ።

"ትንሹ መጣ" አለ ቡከር። መቶ አርባ ኪሎ የሚመዝን ሰው ትንሹ ብሎ የሚጠራ በምድር ላይ እሱ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

"ጉልበት ካልሆነ ጠይቅ። ጉልበት ጨርሻለሁ።"

"ያኔ ማነከስ ስታስተምረኝ፣ ከአሥር ቃል ስንቱን ተው ነበር ያልከኝ?"

ቡከር አካፋውን አቆመ። "ምን ቆርጦህ ነው ዛሬ እሱን የምትጠይቀው?"

"ሦስት ነበር ብዬ ነው የማስታውሰው። ዛሬ ያየሁት ወረቀት ግን ከሦስት በላይ ነው የሚመስለው።"

"ሦስት ነው ያልኩህ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

ቡከር አሰበ። "አይደለሁም" አለ። "እኔ ይሄንን ኩሬ ዛሬ ጠዋት መግቤው እንደሆነ እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ዓሣዎቹን ብጠይቃቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አልበላንም ነው።"

ሁለቱም ሳቁ። ቡከር አንድ አካፋ መኖ ውሃው ላይ በተነ።

"አንተ ተመርምረህ ታውቃለህ ጋሼ?"

"በየዓመቱ ደብዳቤ ይልኩልኛል። ናና እንይህ ይላሉ። ደብዳቤዎቹን አልከፍታቸውም፤ የት እንዳስቀመጥኳቸው ግን አንድ በአንድ አውቃለሁ። ይሄ ራሱ ምርመራ አይደለም?"

"ፈርተህ ነው።"

"አዎ ፈርቼ ነው። አንተስ?"

"እኔም።"

"እንግዲያው ውጣና እዚህ ተቀመጥ፤ አብረን እንፍራ።"

ላቬል ወጣ። ሁለቱ ሰዎች ጭነት መኪናው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ጎማው ወደ ጭቃው ገባ። ስድስት ዓመት እንዲህ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ሠርተዋል። ቡድኖቹ አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ሲመርጡ ላቬል የተጠራው በመጨረሻው ዙር ነበር፤ ከእሱ በኋላ የተጠሩት አራት ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ወንበር አሞቀ። ሁለተኛው ዓመት ላይ መሀለኛው ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ላቬል ሲገባ፣ ቡከር በግራ ሆኖ "አንተ ኳሷን ብቻ ስጥ፤ ሌላውን እኔ እገፋልሃለሁ" አለው። ገፋለትም። ከዚያ በኋላ መቶ ሃምሳ አንድ ጨዋታ ላይ ኳስ ያስነሳው ላቬል ነው። መሀለኛ ሲሳካለት ስሙን የሚያውቅ የለም። እሱን ሕዝብ ያወቀው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጥር ወር ላይ በዝናብ ኳሱ አምልጦት ከወርዋሪው ራስ በላይ ያለፈ ቀን። ያኔ የማያውቋቸው ሰዎች እናቱ ቤት ድረስ እየደወሉ ተሳደቡ። እናቱ እያንዳንዱን በትሕትና አዳምጣ "አንተንም ጌታ ይባርክህ" እያለች ዘጋች።

"ለዶክተሯ እንዳትነግራት" አለ ቡከር። "አንዱ የተናገረ ቀን የሁላችንም ወረቀት ይገለበጣል። አሁን የሚጫወቱት ልጆች ይጎዳሉ።"

"አውቃለሁ።"

"ሮሼልስ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

ቡከር ረጅም ፉጨት አፏጨ። "እኔ ከዶክተሯ ይልቅ እሷን ነው የምፈራልህ።"

ላቬልም የሚፈራው እሷን ነው። ሮሼል የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ሲኮርጅ የያዘችውን ተማሪ አትጮኽበትም፤ ወረቀቱን በእርጋታ ታነሳና ዜሮ ጽፋ ትመልስለታለች። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት የተማመነችው ደግሞ በዚያች በሐምሌዋ ፈተና ነበር። የዛሬ አምስት ዓመት ኅዳር ላይ፣ ላቬል ሜዳ ላይ ተዘርሮ ከተነሳ በኋላ ወደ ተቃራኒው ቡድን ወንበር ሲሄድ በቴሌቪዥን አየችው። በቀጣዩ ሳምንት ሊጫወት ሲል ስልክ ደወለች። "ደህና ነህ? እውነቱን ንገረኝ" አለችው። "እኔን አትመኚ፤ ኮምፒውተሩ ነው ደህና ነህ ያለኝ" አላት። በቁጥር የምታምን ሴት ናትና አመነች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ የአደንጓሬ እሸት ስትፈለፍል አገኛት። ጣቶቿ ከቅርፊቱ ሐምራዊ ሆነዋል። ልጃቸው ኢማኒ ለመዝሙር ልምምድ ሄዳለች። ላቬል አጠገቧ ተቀምጦ ከሳህኑ አንድ እፍኝ አነሳና መፈልፈል ጀመረ። አራተኛውን ቅርፊት ሲከፍት መናገር ጀመረ፤ ሳያቋርጥ ሁሉንም ነገራት። ማነከሱን፣ አሥራ አንዱን ዓመት፣ የኅዳሩን ስልክ፣ የዶክተሯን ሁለት ወረቀቶች። የጨረሰው ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው።

ሮሼል መፈልፈሏን ሳታቋርጥ ሰማች። መሀል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እጇ ቆመ፤ ኅዳር ላይ ሲደርስ።

"አሁን ምንም አልልህም" አለች በመጨረሻ። "የምለው አለኝ። ብዙ አለኝ። ግን የታመመ ሰው ላይ አልጮኽም። መጀመሪያ ታመህ እንደሆነ ልወቅ። ደህና ከሆንክ ያኔ ወዮልህ።"

"ካልሆንኩስ?"

ቅርፊቱን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች። "ካልሆንክማ ምን እላለሁ? አስታምምሃለሁ።"

ያን ቃል ስትናገር ድምፅዋ ልዝብ ነበር፤ ላቬልን ያስደነገጠው ልዝብነቱ ነው። በቀሩት ቀናትም እንደዚያው ቆየች። ሳህኑን ሳይጠይቅ ትሞላለታለች፣ ቁልፉን ሲፈልግ ሳትነጫነጭ ታቀብለዋለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰላም የሕመምተኛ ቤት ሰላም ነው። ላቬል ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጸልያል፤ ብዙ ቃል የለውም። ሌሎች ሰዎች ፈውስ ይለምናሉ፣ ረጅም ዕድሜ ይለምናሉ። እሱ የለመነው ሚስቱ እንድትቆጣው ነበር።

የቀጠሮው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡት። መርማሪው ቀጭን ወጣት ነው፤ የሰዓት መቆጣጠሪያ ይዟል። አሥራ ሁለት ቃላት አነበበለት። ከበሮ፣ መጋረጃ፣ ደወል፣ ገበሬ... ላቬል አዳመጠ። "እሺ፣ የሚያስታውሱትን ይንገሩኝ" ሲለው መለሰ። ዘጠኝ ላይ ቆመ።

"ሌላ የለም?" አለ ወጣቱ።

"ይኸው ነው" አለ ላቬል።

እንዲህ ካለ በኋላ ነው የገባው። ሦስቱ ቃላት አፉ ውስጥ ናቸው። ገበሬ፣ ወንዝ፣ አፍንጫ። አልጠፉበትም፤ ምላሱ ራሷ ናት የያዘቻቸው። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማራትን ነው የሠራችው፤ ሳይነግራት አነከሰች። የሚያስፈራው ይሄ ነበር፤ ለእውነት በመጣበት ቀን እንኳ መንገዱን ሳተ።

"ይቅርታህን" አለ። "ዶክተሯን ጥራልኝ።"

"ምርመራው መሀል ላይ ማቋረጥ..."

"አውቃለሁ ልጄ። ጥራልኝ።"

ዶክተር ካፕላን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ መጡ። ላቬል ተነሳላቸው፤ ክፍሉ ጠበበ። "ዶክተር፣ ሳላስበው እያነከስኩ ነው" አለና፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደሠራው፣ አሁንም ሦስት ቃል አፉ ውስጥ እንዳለ ተናገረ። የቡከርን ስም አላነሳም። የማንንም አላነሳም።

ዶክተሯ ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ሦስቱን ይንገሩኝ" አሉ።

"ገበሬ፣ ወንዝ፣ አፍንጫ።"

ሴትዮዋ ፈገግ ለማለት ምንም አልቀራቸውም። "አቶ ግሪሰም፣ እኔ ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ያነከሰብኝ ብዙ ነው። አነከስኩ ብሎ ያስጠራኝ የለም።" ተነሱ። "ይሄኛው ዝርዝር ተበላሽቷል። ሻይ ይጠጡ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ በሌላ እንጀምራለን። ያለዎትን ሁሉ ይስጡን፤ አንድም አያስቀሩ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሦስት ሰዓት ላቬል እንደ ጨዋታ ሠራው። በእያንዳንዱ ጥያቄ ፊት ምላሱ ወደ ኋላ ስትጎትት ይሰማዋል፤ ይገፋታል። ቁጥሮችን ከኋላ ወደ ፊት ቆጠረ። የተጠማዘዘ ሥዕል አይቶ ከተሸፈነ በኋላ ሳለ። በጣቱ ጠረጴዛ መታ፤ ሦስት ጊዜ የተሰበረች ጣት ናትና ትንሽ ዘገየች፤ ወጣቱም ምክንያቱን መዝገቡ ላይ ጻፈለት። የማያውቀው ሲመጣበት "አላውቅም" አለ፤ የሚያውቀውን አልደበቀም። ሲወጣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ውጤቱ የተነገረው ከሳምንት በኋላ ነው። ሮሼል አብራው ሄደች፤ ፒካፑን የነዳችው እሷ ናት። የእሑድ ቀሚሷን ለብሳለች። መንገድ ላይ ስለ አየሩ ብቻ ተነጋገሩ።

ዶክተር ካፕላን አላቆዩዋቸውም። "ደህና ነዎት" አሉ ገና ከመቀመጣቸው። "መጀመሪያ እሱን ልበልና ከዚያ ዝርዝሩን እነግራችኋለሁ። የማስታወስ ችሎታዎ በዕድሜዎ ካሉ ሰዎች ከመካከለኛው ከፍ ይላል። ከመጀመሪያው ዓመትዎ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ዝግ ያለው ትኩረትዎ ነው።"

ላቬል የሰማው የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። "ተመስገን" አለ። ሮሼል እጁን አልያዘችውም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አጥብቃ እንደያዘች ዶክተሯን እያየች ነበር።

"ትኩረቱ ለምን ዘገየ?" አለች።

"እሱን ነው እርስዎን የምጠይቅዎት። ሲተኛ ያንኮራፋል?"

"እንደ ጥጥ መዳመጫ ነው ዶክተር።"

"መሀል ላይ ትንፋሹ ይቆማል?"

"ይቆማል። እኔ እየቆጠርኩ ነው የምተኛው። አንድ ጊዜ እስከ ሠላሳ ሁለት ደርሻለሁ።"

"ሠላሳ ሁለት?" አለ ላቬል። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስምንት ዓመት ነገርኩህ። አንተ ትልቅ ሰው ሁሉ ያንኮራፋል ትለኛለህ።"

ዶክተሯ አንገቱን በዓይናቸው ለኩ። የመስመር ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚያዩት፣ በዚህ ክብደትና በዚህ አንገት ሲተኛ አየሩ እንደሚዘጋበት፣ እንቅልፍ ያላገኘ ጭንቅላት ደግሞ መኪናም እንደሚረሳ የልጅም ስም እንደሚያሳስት አስረዱ። ሲተኛ አየር የሚሰጠውን መሣሪያ አዘዙለት፤ ኪሎም ይቀንስ አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። "ዛሬ ደህና ነዎት። ከሃያ ዓመት በኋላ ስለሚሆነው ማንም አይምልልዎትም፤ እኔም አልምልም። ለዚያ ቡድን ግን የሚጠይቁኝን መጻፍ እችላለሁ። ልጻፍ?"

"አይጻፉ" አለ ላቬል።

ሮሼል ያን ጊዜ ዞራ አየችው።

"እዚያ ከሄድኩ ሐምሌ ላይ ያንን ፈተና ያስቀምጡኛል" አለ፤ ቃሉን እየፈለገ። "እንደገና ላነክስ አልችልም። ሳላነክስ ከተጫወትኩ ደግሞ አንድ ቀን በእውነት ያስወጡኛል፤ ያንን ቀን ስጠብቅ ነው ዓመቱን የምጨርሰው። በቃኝ። ደህና ነዎት ያሉኝን ይዤ ልግባ።"

ፒካፑ ውስጥ ገብተው በሩ እንደተዘጋ ሮሼል ሞተሩን አላስነሳችም። ሁለቱንም እጆቿን መሪው ላይ አደረገች።

"ደህና ነህ" አለች።

"ደህና ነኝ።"

"በወረቀት፣ በሐኪም ፊርማ፣ ደህና ነህ።"

"አዎ።"

"እንግዲያው ስማኝ" አለችና ጀመረች።

አልጮኸችም፤ መጮኹ ይሻል ነበር። በክፍሏ ሰሌዳ ላይ እንደምትሠራው አንድ በአንድ በተራ አስቀመጠችለት። አንደኛ፣ አሥራ አንድ ሐምሌ ሙሉ ደውሎ "አለፍኩ" ሲላት ኬክ እየጋገረች ስታከብር እንደኖረች። ሁለተኛ፣ ኅዳር ላይ የጠየቀችው እውነቱን እንጂ የኮምፒውተሩን አስተያየት እንዳልነበረ። ሦስተኛ፣ እሷ ራሷ ስንት ልጅ በኩረጃ እንደጣለች፤ የእነዚያን ልጆች እናቶች አሁን በምን ዓይን እንደምታያቸው። አራተኛ፣ ኢማኒ አባቷን... እዚህ ላይ ድምፅዋ ተሰበረና መስታወቱን ዝቅ አድርጋ አየር አስገባች። ላቬል አንገቱን ደፍቶ ሰማ። እያንዳንዱ ቃል ያማል፤ እያንዳንዱም ቃል ከላዩ ላይ ድንጋይ እንደማንሳት ያለ ነው። ሳምንታት ሙሉ የለመነው ይሄ ነበር፤ ተሰጠው።

አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። "ቡከር ነው ያስተማረህ አልከኝ። አንተስ ለማን አስተማርክ?"

ላቬል ቀና አለ። ይሄን እስከዚያ ድረስ ለራሱም አልጠየቀም ነበር። በጣቶቹ ቆጠረ። ዴቮንቴ፣ ሁለቱ የኦሃዮ ልጆች፣ ረጅሙ ማርከስ፣ ኬንዮን፣ ያ ሁልጊዜ የሚዘምረው ኤልሮይ፣ ባለፈው ዓመት የመጣው ተርነር። አንዱም ስም አልጠፋበትም።

"ሰባት" አለ።

"ሐምሌ መቼ ነው?"

"የዛሬ ሦስት ሳምንት።"

ሮሼል ስልኩን ከዳሽቦርዱ ላይ አንስታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

ዴቮንቴ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። "ጋሼ ላቬል፣ ሰሜን ልትወጣ ነው አሉ፤ እውነት ነው?"

"አልወጣም። ስማኝ፣ ስለ ሐምሌው ነገር ነው የደወልኩት። ያስተማርኩህን ተወው። በሙሉ ጭንቅላትህ ሥራ።"

ዴቮንቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ማን አሳበቀብን?"

"ማንም አላሳበቀም። የራሴን ነው የተናገርኩት፤ የማንንም ስም አላነሳሁም። እኔ አነከስኩና፣ አሁን ታምሜ እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ሲኦል ገባሁ። የትኛው ውሸቴ፣ የትኛው ሕመሜ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ደህና ሆኜ ተገኘሁ፤ ደህና ባልሆን ኖሮ ግን በጊዜ የሚያውቅልኝ አልነበረም። ገባህ?"

"ጋሼ፣ አንተ ጡረታ ስትወጣ ነው ይሄ የመጣልህ" አለ ዴቮንቴ፤ በክፋት አልነበረም። "እኔ ሁለት ልጅ አለኝ፣ ከኋላዬ ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው በሬ ቆሟል።"

"አውቃለሁ። እኔም ያንኑ ነበር የምለው።"

"ላስብበት።"

"አስብበት። ነገ ደግሞ እደውላለሁ።"

ከኦሃዮ ልጆች አንዱ አላነሳም፤ መልእክት ተወለት። ሌላኛው ሰምቶ ሲጨርስ አመሰገነውና ስልኩን ለሚስቱ ሰጣት፤ ላቬል ሁሉንም ለእሷ እንደገና ነገራት። ማርከስ ሳቀ። ኬንዮን "እኔ እኮ ድሮም በሙሉ ጭንቅላቴ ሠርቼ ነው እንደዚያ የምወርደው" አለና ላቬልንም አሳቀው፤ ከሳቁ በኋላ ግን እሺ አለ። ኤልሮይ እስከ መጨረሻው አዳምጦ "ትላንት የመኪናዬን ቁልፍ ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘሁት" አለ። ላቬል የዶክተሯን ስልክ ሁለት ጊዜ አነበበለት፤ መልሶ እንዲያነብለትም አደረገ። ተርነር ሰባተኛው ነው። እንደ ደነገጠ ልጅ "እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ" እያለ ሰማ፤ ላቬል ድምፁ ከዚህ በላይ እንዲከብድበት አልፈለገምና አጭር አደረገለት።

ስልኩን ሲዘጋ ፀሐይዋ ከሕንጻው ጀርባ አልፋለች። ሁለቱም ርቧቸዋል።

"ቡከርስ?" አለች ሮሼል።

"ቡከር በስልክ አይሆንም። ነገ እሄዳለሁ፤ ደብዳቤዎቹን እስኪከፍት ድረስ አብሬው እቀመጣለሁ።"

ራሷን ነቀነቀች። ሞተሩን አስነሳች። ከመኪና ማቆሚያው ወጥተው አውራ ጎዳናው ላይ ሲደርሱ መስታወቱን ዘጋች፤ ድምፅዋ በደንብ እንዲሰማ መሆኑ ነው።

"የቱ ላይ ነበርኩ?" አለች።

ላቬል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ እግሮቹን ዘረጋ። "አራተኛውን አልጨረሽም። ኢማኒ አባቷን ስትይ ነው የተውሽው።"

"አዎ" አለች ሮሼል። "ኢማኒ አባቷን..." ብላ ከዚያው ቀጠለች። ቤተል ግሮቭ ለመድረስ ገና ሁለት ሰዓት አለ።